ኩሽኔታው አልነበረም፦ አዳማ ላይ የተጠገነ የአንድ ያገለገለ ግራይንደር ታሪክ

ግራይንደሩን ያየሁት ሊዘጋ በቀረበ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሰውየው ሶኬቱን ሰክቶ አስነሳልኝ። ሞተሩ ሳያንገራግር ተነሳ። «ይኸው፣ ምንም የለበትም» አለኝ። ሦስት ሰከንድ ያህል እንደዞረ አጠፋው። በነዚያ ሦስት ሰከንዶች ግን ሁለት እጁን ላዩ ላይ ጭኖ፣ ሙሉ ክብደቱን አሳርፎበት ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ዋጋው ደግሞ አጓጊ ነበር። ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ ባለቤቴ ይህን ታነበዋለች።

ዕቃው በግራም በቀኝም ድንጋይ ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የ150 ሚሊ ሜትር ግራይንደር ነው። የስም ሰሌዳው ግማሹ ተፍቋል። የሚነበበው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ በደቂቃ 2,850 ዙር የሚለው ብቻ ነው። ለእኔ ይበቃኛል። አዳማ፣ ከፍራንኮ ብዙ ሳይርቅ፣ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለችኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ። ግራይንደር የምፈልገው የመሰርሰሪያ ፑንታ ለመሳልና የተቆረጠ ብረት ጠርዙን ለማስተካከል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሰፈሩ ሥጋ ቤቶች ቢላ ይልኩልኛል።

ቤቴ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና አስነሳሁት። መራመድ ጀመረ። እውነቴን ነው፤ በራሱ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሄደ። የምስማር ቆርቆሮው ተንጫጫ፣ የሻይ ብርጭቆዬም ተከትሎት ተነሳ። ፑንታ ሳስጠጋለት ድንጋዩ እየመታ መለሰልኝ። የተሳለውን ፑንታ በብርሃን ሳየው ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ሠርቷል።

«ስላልታሰረ ነው» አልኩ። አራት ቡሎን ገዛሁ። የጠረጴዛዬ እግር ቱቦላሬ ነው፣ ላዩ ስስ ላሜራ። ላሜራውን በስቼ፣ ዳዶውን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ባሰ። መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው ግራይንደሩ ብቻ ነበር፤ አሁን ጠረጴዛውም አብሮት እንደ ከበሮ መጮህ ጀመረ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ብቅ አለ። «ወንድሜ፣ ወይ አቁመው ወይ መርፌ ግዛልኝ» ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ ምክር መጣ። የባጃጅ መካኒኩ «ኩሽኔታ ነው» አለ፤ የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመውን ባለ ኳስ ቀለበት ማለቱ ነው። በያጁም «ኩሽኔታ ነው» አለ። ሻይ የምታመጣልን ልጅ ሳትቀር ኩሽኔታ ነው አለች። እኛ ሰፈር የሚጮህ ነገር ሁሉ ኩሽኔታ ነው። ነገሩ ደግሞ ያሳምናል። አዳማ ነፋስ አታጣም፤ ከከተማው ወጣ ብለው የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። ነፋሱ አቧራ ይዞ ይገባል፣ አቧራ የገባበት ኩሽኔታ ይበላል። ሄድኩና ለሻጩ «የ150 ግራይንደር ኩሽኔታ» አልኩት። ቁጥሩ 6202 የሆነ ሁለት ሰጠኝ። ውስጡ 15፣ ውጩ 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር። ግራይንደሩን ገና አንድ ቡሎን እንኳ አልፈታሁለትም ነበር። ሳልፈታ መድኃኒት ገዛሁ።

ኩሽኔታ ለማውጣት ፑለር ያስፈልጋል። እኔ የለኝም። አንድ በዕድሜ የገፉ የቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን፣ ባለሙያ አሉ፤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጥገና ክፍል ለረጅም ዓመት ሠርተው የወጡ ናቸው። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሆላንዶቹ ይዘዋቸው ስለመጡት ማሽኖች ብትጠይቋቸው እስኪመሽ ያወሩላችኋል። ጋሼ እላቸዋለሁ። ነገሩን አስረድቼ ፑለር እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው።

«ድንጋዮቹን አውልቀህ አስነስተኸዋል?»

«ኧረ አላወለቅኩም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ፑለር አልሰጥህም።»

በማግስቱ ጠዋት ግን ራሳቸው መጡ። አስነሳው አሉኝ፣ አስነሳሁት። ጠረጴዛው መጮህ ጀመረ። ልናጠፋው ስንል መብራት ሄደ። የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ዝም ሲል ጋሼ ጣታቸውን አነሱ፦ «ዝም በል፣ ስማው!»

ግራይንደሩ በራሱ ጉልበት እየዞረ ነበር። ያለ መብራት። መንቀጥቀጡ ግን አልቆመም። እንዲያውም ፍጥነቱ እየቀነሰ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጠረጴዛው ከቅድሙ ይበልጥ ተወዛወዘ፤ ከዚያ ያን አልፎ ጸጥ አለና ቀስ ብሎ ቆመ።

ጋሼ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ነገር አውቀዋል። ችግሩ የኤሌክትሪክ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ወይም የካፓሲተሩ፣ መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት መንቀጥቀጡም አብሮ ይጠፋ ነበር። አልጠፋም። ስለዚህ የሚዞረው አካል ሚዛኑን ስቷል ማለት ነው። ያ መሐል ላይ የመጣው ውዝወዛ ደግሞ የጠረጴዛው ነው። እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱ የመወዛወዝ ምት አለው። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ልክ በምቱ ስትገፋው ከፍ እንደሚለው ሁሉ፣ የድንጋዩ ዙር ከጠረጴዛው ምት ጋር ሲገጥም ጠረጴዛው ያብዳል። ቡሎን አጥብቄ ያባስኩት ለዚህ ነው። ሕመሙን ለጠረጴዛው አጋባሁበት።

መብራት እስኪመጣ መፍታት ጀመርን። የቀኙ ዳዶ እንደማንኛውም ዳዶ ተፈታ። የግራው እምቢ አለኝ። ጉልበት ጨመርኩ። ጋሼ ቁልፉን ከእጄ ነጠቁኝ። ለካስ የግራው ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ዳዶው እየላላ ይወጣ ነበር። እሳቸው የሚይዙት ደንብ ቀላል ነው፦ በሁለቱም በኩል ዳዶው የሚፈታው ድንጋዩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ይህን ሳላውቅ ትንሽ ብገፋ ኖሮ ጥርሱን ላጭቼው ነበር።

ጥፋተኛው ከቀኙ ድንጋይ ሥር ተገኘ። ሻፍቱ፣ ድንጋዩ የሚሰካበት ዘንግ፣ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ነው። የድንጋዩ ቀዳዳ 16 ነው። በመካከል ያለውን ክፍተት የቀድሞው ባለቤት በቆርቆሮ ሞልቶታል። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ቆርጦ ሻፍቱ ላይ ጠቅልሎታል። ቀዩ ቀለም ገና አለቀቀም። እሱም ዙሪያውን አልዳረሰም፤ በአንድ በኩል ድርብ፣ በሌላው ነጠላ። ከመፍታታችን በፊት ጋሼ የብረት ማሳረፊያውን አስጠግተው ድንጋዩን በእጅ ሲያዞሩ ክፍተቱ 2 ሚሊ ሜትር የነበረው ሌላ ጋ 4 ሆኖ አይተን ነበር። ማለትም የድንጋዩ መሐል ከሻፍቱ መሐል በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሸሽቷል።

1 ሚሊ ሜትር ምን ታደርጋለች? እኔም እንዲህ ነበር ያልኩት። ጋሼ ወረቀት ላይ አሰሉልኝ። ድንጋዩ 800 ግራም ያህል ይመዝናል። በደቂቃ 2,850 ዙር ሲዞር ያቺ 1 ሚሊ ሜትር ከ7 ኪሎ በላይ የሆነ ጉተታ ትፈጥራለች። ጉተታው ደግሞ አቅጣጫውን እየቀያየረ በሰከንድ 47 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሰባት ኪሎ መዶሻ በሰከንድ 47 ጊዜ ጠረጴዛህን ይመታዋል ብለህ አስበው አሉኝ። ግራይንደሩ ለምን እንደሚራመድ ገባኝ። ሰውየው ለምን ተጭኖት እንደነበረም።

ቀጥሎ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በእንጨት እጀታ መታ መታ አደረጓቸው። ድንጋዩን በጣት ቀዳዳው ላይ አንጠልጥለው፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብለው፣ ቦታ እየቀያየሩ። የግራው እንደ ሸክላ ጥሩ ድምፅ ሰጠ፦ ቅልል ብሎ የሚጮህ። የቀኙ «ድፍ» አለ። እንደገና መቱት፣ «ድፍ»። ስንጥቅ አለበት። በዓይን ምንም አይታይም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የ150 ድንጋይ ጠርዝ በዚህ ዙር በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። በመኪና ስታስቡት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። የተሰነጠቀ ድንጋይ በዚያ ፍጥነት ቢበተን የት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ፊቴን ከፊቱ ደቅኜ ፑንታ ስስል ነበር የሰነበትኩት። ጋሼ ድንጋዩን ሞርሳ ላይ አስረው በመዶሻ አደቀቁት። «እንዲሁ ከጣልከው አንዱ አንስቶ ይገጥመዋል» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ አገር ቆሻሻ መጣያ ሱቅ ነው።

መብራት መጣ። ሞተሩን ባዶውን፣ ያለ ድንጋይና ያለ መጨበጫ ሳህኖቹ አስነሳነው። ድምፁ የማቀዝቀዣ ያህል ነው። ጋሼ ከኪሳቸው የአንድ ብር ሳንቲም አውጥተው ሞተሩ ላይ በጠርዟ አቆሟት። ቆመች። ሞተሩ እየዞረ ሳንቲሟ ቆማለች! ሻፍቱን በእጅ ስናዞረውና ስንነቀንቀው የሚንኮሻኮሽም የሚላላም ነገር የለም። ዳያል ጌጅ የሚባለውን ባለ መርፌ መለኪያ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ገጥመው በእጅ አዞሩት፤ መርፌው የተንቀሳቀሰው 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሻፍቱ ቀጥ ያለ ነው። ኩሽኔታዎቹም ደህና ናቸው። የገዛኋቸው 6202ዎች ከነፕላስቲካቸው መሳቢያ ገቡ።

ጉዳዩ ግን በቆርቆሮዋ ብቻ አላለቀም። የግራው ድንጋይ ወደ ጎን ይዋልል ነበር፤ ከፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት እንደተጣመመ የብስክሌት ጎማ ግራና ቀኝ ይላል። ምክንያቱ ፍላንጁ ነው። ፍላንጅ የምለው ድንጋዩን ከሁለት ጎን የሚጨብጡትን ክብ ሳህኖች ነው። የኔዎቹ ከስስ ላሜራ ተጨፍልቀው የወጡ ናቸው፤ አንድ ሰው ደግሞ ዳዶውን ያለ ልክ አጥብቆ አጣሟቸዋል። መስታወት ላይ ሳስቀምጠው ፍላንጁ ይወዛወዛል። ጌጁ ጠርዙ ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር አነበበ። ፍላንጁ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ድንጋዩ 150። ሦስት እጥፍ ነውና ድንጋዩ ጠርዝ ላይ 1.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዓይን የምናየው ይህን ነበር።

ጋሼ አራት ፍላንጅ ከድፍን ብረት ቶርኖ ላይ አወጡ፤ ስፋታቸው 55 ሚሊ ሜትር። የድንጋዩን ስፋት አንድ ሦስተኛ ካላከለ ፍላንጅ አይባልም ይላሉ። መሐላቸውን ትንሽ ጎድጎድ አደረጉት፣ ድንጋዩን የሚነካው የውጩ ቀለበት ብቻ እንዲሆን። ያየሁት ትልቁ ጥበብ ግን ሌላ ነው። ቀዳዳውንና ፊቱን ያወጡት ከቶርኖው ሳይፈቱ፣ በአንድ አያያዝ ነው። ፈትተህ ገልብጠህ ካሰርከው ቀዳዳውና ፊቱ እርስ በርስ ቀጥ ማለታቸውን ማንም አይምልልህም። የሻፍቱን ትከሻም አዩት፤ ፍላንጁ የሚደገፍበት ቦታ ላይ የደረቀ ቀለም ነበረ። በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁት። እንዲህ ያለች ትንሽ ቅርፊት ብቻዋን ድንጋይ ታጣምማለች።

አዲስ ድንጋይ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ቀዳዳው 12.7 የሆነ አላገኘሁም። 20 የሆነ፣ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አገኘሁ። ላዩ ላይ 35 ሜትር በሰከንድ ይላል፤ በ150 ድንጋይ ሲሰላ በደቂቃ ወደ 4,450 ዙር ይመጣል። የኔ ሞተር 2,850 ነው፣ ስለዚህ በቂ ነው። ከመክፈሌ በፊት ሱቁ ውስጥ አንጠልጥዬ በካቻቢቴ እጀታ መታሁት። ባለሱቁ እንደ እብድ አየኝ። ይየኝ።

የቀዳዳውን ልዩነት ጋሼ ከአልሙኒየም ቡሽ፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ቀለበት፣ ሠርተው ሞሉት፦ ውጩ 20፣ ውስጡ 12.7። በእጅ ግፊት ብቻ ነው የሚገባው፤ በመዶሻ የሚገባ ቡሽ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ርዝመቱን ደግሞ 19 አደረጉት፣ ከድንጋዩ በ1 ሚሊ ሜትር ያጠረ። ከበለጠ ፍላንጆቹ የሚጨብጡት ቡሹን ነው፣ ድንጋዩ ላልቶ ይቀራል። ድንጋዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ልልጠው ስል እጄን መቱኝ። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ለካስ በብረቱና በድንጋዩ መካከል ትራስ ነው፤ የፍላንጆቹን ጫና እኩል የሚያከፋፍለው እሱ ነው።

ገጠምነው። ዳዶውን ጠበቅ፣ ከዚያ በቃ። ጎን ቆመን አንድ ደቂቃ ባዶውን አዞርነው። ከቀድሞው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም ውሃ የሞላሁት ብርጭቆ ላይ አሁንም ቀለበት ቀለበት ይታያል። አዲስ ድንጋይም ቢሆን ፍጹም ክብ ሆኖ አይመጣም። እየዞረ መላጨት አለበት።

ለዚህ ጋሼ ጫፉ ላይ ትንሽ አልማዝ የተተከለበት ዘንግ አላቸው። ማሳረፊያው ላይ አስደግፈው፣ በጣም በስሱ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አሳለፉት። መጀመሪያ ድምፁ ይቆራረጣል፦ ትክ፣ ትክ፣ ትክ። የሚነካው ወጣ ያለውን ብቻ ነው። ከጥቂት ምልልስ በኋላ ድምፁ አንድ ወጥ «ሽሽሽ» ሆነ። ያኔ ክብ ሆኗል። መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ሳያደርጉ እንዳትሞክሩት፤ አቧራው ቀልድ አይደለም። እኛ በሩን ከፍተን ነበር የሠራነው። የአዳማ ነፋስ ለአንድ ቀን ጠቀመኝ፤ ልብስ ሰፊው ግን የተሰቀለ ነጭ ሸሚዝ ነበረው። ስለዚያ ባላወራ ይሻላል።

የቀረችውን ትንሽ መንቀጥቀጥ ያጠፋናት በማዞር ነው። ሁለቱም ድንጋዮች የየራሳቸው ከባድ ጎን አላቸው። ሁለቱ ከባድ ጎኖች በአንድ አቅጣጫ ከገጠሙ ይደማመራሉ፤ ተቃራኒ ከሆኑ ባመዛኙ ይጣፋሉ። በጠመኔ ምልክት አድርገን የግራውን ዳዶ ላላ፣ ድንጋዩን ሩብ ዙር ዞር፣ ጠበቅ፣ አስነሳ። ሦስተኛው ቦታ ላይ የብርጭቆው ውሃ ሊረጋ ምንም አልቀረው። አራተኛው ላይ ተበላሸ፣ ወደ ሦስተኛው መለስነው። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ አሥር ደቂቃና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ጠረጴዛውን የሠራሁት ብቻዬን ነው። እግሮቹን በአንጎላሬ አግድም አሰርኩ፣ ከላሜራው ሥር ወፍራም ጣውላ አስገባሁ፣ ታች ሁለት ከረጢት አሸዋ ጫንኩ። ከግራይንደሩ እግሮች ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ የቆረጥኩት ቁራጭ አለ። ማሳረፊያዎቹን ወደ ድንጋዩ አስጠግቼ ክፍተቱን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች፣ የላይኛውን መከለያ ምላስ ደግሞ ከ6 በታች አደረግኩት። ሳንቲሟን ሞከርኩ። ድንጋይ ተገጥሞለት እስከ ሰባት ቆጥሬ ወደቀች። ለኔ ይበቃኛል። ጎረቤቴም ከዚያ ወዲህ ስለ መርፌ አላነሳም። ስለ ሸሚዙ ነው የሚያነሳው።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰኞ ጠዋት አስነሳሁት። እንደ ድሮው ተንቀጠቀጠ! ልቤ ቀጥ አለ። ወዲያው አጠፋሁትና ለጋሼ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህን ነው፦ «ድንጋዩን ውሃ ነክቶት ነበር?»

ነክቶታል። ቅዳሜ ቢላ ያመጣው የሥጋ ቤት ልጅ «ይቀዝቅዝ» ብሎ የቆመው ድንጋይ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሶበት ነበር። እኔም ዝም አልኩ፣ ጥሩ ያደረገ መስሎኝ። ድንጋዩ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ውሃ ይመጥጣል። ሁለት ሌሊት ሳይዞር ሲቆም ውሃው በሙሉ ወደ ታችኛው ግማሽ ወረደ። ሰኞ የተነሳው ግማሹ ከባድ፣ ግማሹ ቀላል ድንጋይ ነው።

«አታስነሳው። አውልቀህ ጠፍጣፋውን አስተኛው፣ ይድረቅ» አሉኝ።

መስኮቱ ሥር ጣውላ ላይ አስተኛሁት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በጠመኔው ምልክት ልክ መልሼ ገጠምኩት። ብርጭቆው ላይ ምንም የለም። አሁን ከግራይንደሩ አጠገብ የውሃ ጣሳ አለ፤ ውሃ ውስጥ የሚገባው ግን ቢላው ነው።